ለሙጫ የሚሆን ጭድ



የተጋበዝኩት ስለ ካርቦን ናኖቲዩብ እንድናገር ነው፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ ግን ከጭቃ እጀምራለሁ።

በልጅነቴ ሰፈር ውስጥ ቤት ሲሠራ ለእኛ ለልጆች የሚተርፈን ሥራ ጭቃ መርገጥ ነበር። አፈሩ ይቆፈራል፣ ውኃ ይፈስበታል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፤ እኛም ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን እንገባበታለን። በዚያ ዕድሜዬ ያልገባኝ የመራጊው ትዕግሥት ነው። የረገጥነውን ጭቃ በዚያው ቀን አይነካውም። ይሸፍነዋል፣ ለቀናት ይተወዋል፣ በየመካከሉ ውኃ እየጨመረ ደግሞ ያስረግጠናል፤ ሽታው ሰፈሩን እስኪያውክ ድረስ። አንድ የቸኮለ ጎረቤት ግን ሳይቦካ አስመረገ። ጭዱ በልኩ ገብቷል፣ አፈሩም ያው የሰፈሩ አፈር ነው። ግድግዳው ደርቆ መሰንጠቅ ሲጀምር ጭዱ ከስንጥቁ ውስጥ ጫፉን አውጥቶ ታየ፤ በሁለት ጣት ሲስቡት ከአፎት እንደሚወጣ ጎራዴ ሹልክ ይላል። ጭድና አፈር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገቡ እንጂ አልተዋወቁም ነበር።

የዛሬው ርእሳችን ይኸው ነው። ጭቃው ኢፖክሲ ይባላል፣ ጭዱ ካርቦን ናኖቲዩብ፣ ማቡካቱ ደግሞ ኬሚስትሪ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ኢፖክሲን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከሕንፃ ዕቃ መደብር በሁለት ቱቦ የሚሸጠው፣ እኩል እኩል ጨምቀን በክብሪት እንጨት የምናማስለው ሙጫ ነው። በአንደኛው ቱቦ ያለው ሞለኪውል በሁለቱ ጫፎቹ ላይ አንዳንድ ትንሽ ቀለበት ተሸክሟል፤ ሁለት ካርቦንና አንድ ኦክስጅን ተጨናንቀው የሠሯት ባለ ሦስት ማዕዘን ቀለበት። ከተፈጥሮዋ በላይ የተጣመመች ስለሆነች ለመከፈት ሰበብ ብቻ ነው የምትጠብቀው። ሰበቡ በሁለተኛው ቱቦ አለ፤ ናይትሮጅን የያዘ፣ አሚን የሚባል ውሁድ። አሚኑ ቀለበቷን ከፍቶ ይያያዛታል። አንዱ አሚን ብዙ ቀለበት ስለሚይዝ፣ እያንዳንዱም ሞለኪውል ሁለት ቀለበት ስላለው፣ ያ ጠብታ ቀስ በቀስ ከዳር እስከ ዳር አንድ መረብ ይሆናል። የደረቀ ኢፖክሲ ቢያሞቁት እንደ ሰም የማይቀልጠው ለዚህ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፒየር ካስታን በ1930ዎቹ ማብቂያ ይህን ሙጫ ሲሠራ ያሰበው ለጥርስ ሐኪሞች ነበር። የጥርሱ ነገር ብዙ አልገፋም፤ ሲባ የተባለው ኩባንያ ግን ፈቃዱን ወስዶ በ1946 «አራልዳይት» ብሎ ለገበያ አወጣው።

ዛሬ በዚህ ሙጫ ላይ ተቀምጠን እንበርራለን። የቦይንግ 787 አውሮፕላን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ በኢፖክሲ የተነከረ የካርቦን ክር ነው፤ ክንፉም አካሉም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ተረክቧል። መስኮት አጠገብ ደርሷችሁ አውሮፕላኑ ሲነሣ ክንፉ ወደ ላይ እንዴት እንደሚቀለበስ ካያችሁ፣ ያያችሁት ክርና ሙጫ ሲተጋገዙ ነው። እኔ ባየሁት ቁጥር ልቤ የሚሄደው ወደ ሙጫው ነው። ክሩ ራሱን ችሏል።

ሙጫው ምን ጎድሎት? ጠንካራ አይደለም ወይ? ጠንካራማ ነው። ግን በአማርኛ «ጠንካራ» የሚለው ቃል ሁለት ጠባይ በአንድ ከረጢት ይዞ ይዞራል። የሸክላ ምጣድ ጠንካራ ነው፤ ጠፍርም ጠንካራ ነው። ምጣዱን በጥፍራችሁ ልትጭሩት አትችሉም፤ አንድ ቀን ቀዝቃዛ ውኃ ጠብ ሲልበት ግን ከዳር እስከ ዳር ይተረተራል። ጠፍሩን በቢላ ብትነኩት እንኳ የተነካው ቦታ ላይ ይቆማል እንጂ ተከትሎ አይቀደድም። ይህን የጠፍር ጠባይ ዛሬ «ቻይነት» እለዋለሁ፤ የተሻለ ቃል ያለው ከንግግሩ በኋላ ይንገረኝ። ኢፖክሲ ጥንካሬው ደህና፣ ቻይነቱ ግን የምጣድ ነው። ስንጥቅን የመቋቋም አቅም በሚለካበት ሚዛን ንጹሕ ኢፖክሲ 0.6 አካባቢ ሲያገኝ፣ ለአውሮፕላን የሚሆን አሉሚኒየም 25ን ያልፋል።

ምክንያቱን እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ በ1921 ባሳተመው ጥናት ስለ ብርጭቆ ሲጽፍ አሳይቶናል። የጨርቅ ነጋዴዎች ግን ቀድመውት ያውቁታል። አቡጀዲ በሜትር ስትገዙ ነጋዴው ጫፉን በመቀስ ነከስ ያደርግና ቀሪውን በእጁ ይተረትረዋል። ያ ትንሽ ንክሻ ባይኖር ጉልበተኛም አይቀድደውም። ጨርቁን የወጠረው ኃይል ሁሉ የንክሻዋ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል፤ እዚያ ያለው ክር ብቻውን የሁሉን ሸክም ይሸከማል፣ ይበጠሳል፣ ተራው ለቀጣዩ ይደርሳል። የኢፖክሲ መረብ ደግሞ በጣም ጥብቅ ስለሆነ ስንጥቁ ጫፍ ላይ ለጥጦ ለስለስ ብሎ ኃይሉን የሚያባክንበት አቅም የለውም። በካርቦን ክር ንጣፎች መካከል ችግሩ ይብሳል። ንጣፎቹ በሞሶብ እንደተደራረበ እንጀራ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ክር ሞልቷል፣ በአንዱና በሌላው መካከል ግን ሙጫ ብቻ ነው ያለው፣ የሚሻገር ክር የለም። አንድ መፍቻ ከሜካኒክ እጅ አምልጦ ቢወድቅ ከላይ ምንም ሳይታይ ከውስጥ ንጣፎቹ ሊላቀቁ ይችላሉ።

መድኃኒት አልጠፋም። ከ1970ዎቹ ወዲህ ፈሳሽ ጎማ ሙጫው ውስጥ ይጨመራል፤ ሲደርቅ ጎማው በየቦታው እንደ ጥቃቅን ኳስ ይለያል፣ ስንጥቁም ሲደርስበት ይደክማል። ቻይነቱ ብዙ ጊዜ በእጥፍና ከዚያም በላይ ያድጋል። ዋጋው ግን አለ፤ ሙጫው ይለሰልሳል፣ ሙቀት የመቋቋም አቅሙም ይቀንሳል። ለ787 ሙጫና ክር የሚያቀርበው የጃፓኑ ቶሬይ ኩባንያ በንጣፎቹ መካከል የፕላስቲክ ብናኝ ይነሰንሳል። ይህን የምነግራችሁ በአውሮፕላናችን ክንፍ ውስጥ ናኖቲዩብ አለ ብላችሁ ከዚህ አዳራሽ እንዳትወጡ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ሙጫውን ሳናለሰልስ ቻይ ልናደርገው እንችላለን ወይ?

እዚህ ላይ ነው ጭዱ የመጣው።

የእርሳስ እምብርት ግራፋይት ነው፤ ግራፋይት ደግሞ አንድ አቶም ብቻ የሚወፍሩ የካርቦን ንጣፎች ክምር። በእያንዳንዱ ንጣፍ አቶሞቹ እንደ ማር እንጀራ በባለ ስድስት ማዕዘን ተሰካክተዋል። አንዱን ንጣፍ ጠቅልላችሁ ዳርና ዳሩን ስፉት፤ ናኖቲዩብ ሆነ። ባለ ብዙ ግድግዳው ዓይነት፣ ቱቦ በቱቦ ውስጥ የተሰካው፣ ውፍረቱ 10 ናኖሜትር ቢሆን በአንድ የራስ ፀጉር ስፋት ላይ 8,000 ያህሉ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 ጹኩባ ከተማ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቷቸው ለዓለም አስተዋወቃቸው። ሁለት የሶቭየት ተመራማሪዎች በ1952 ፎቷቸውን በሩስኛ መጽሔት አትመው ነበር፤ ከሶቭየት ውጭ ያለው ዓለም ብዙም ሩስኛ ስለማያነብ ግን ክብሩ ሌላ ቦታ ሄደ። በሳይንስም የቋንቋ ነገር ቀላል አይደለም።

ቁጥሮቹ ያሰክራሉ። ግትርነቱ ከብረት አምስት እጥፍ፣ ክብደቱ ከብረት ሲሶ የማይሞላ። በ2000 ሮድኒ ሩፍና ባልደረቦቹ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ይዘው ጎትተው ሲበጥሷቸው ከ11 እስከ 63 ጊጋፓስካል ተሸከሙ። የግንባታ ብረት 1 እንኳ አይደርስም። ታዲያ በወቅቱ ብዙዎቻችን ወረቀት ላይ ሒሳብ ሠራን፦ ከሙጫው መቶ እጅ አንዱን በዚህ ብንተካ እንዲህ ይሆናል፣ አምስት እጅ ብንተካ እንዲያ ይሆናል። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ሙጫው ግን ሒሳባችንን አላነበበውም። ዱቄቱን ገዝተን አማሰልነው፣ አደረቅነው፣ ሰበርነው፤ አንዳንዱ ናሙና ጭራሽ ናኖቲዩብ ከሌለው ቀድሞ ተሰበረ።

ሁለት ነገር ነው የበደለን። የመጀመሪያው መጓጎል ነው። ገንፎ ያገነፋ ሰው ያውቀዋል፤ ዱቄቱ አንዴ ከጓጎለ ውስጡ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ቱቦዎቹ እጅግ ቀጭን ስለሆኑ ሁለመናቸው ገጽ ነው። የባለ አንድ ግድግዳው ዓይነት አንድ ግራም ብቻ ቢዘረጋ ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ይህ ሁሉ ገጽ በደካማ ግን ብዛት ባለው ስበት እርስ በርሱ ይሳሳባል፤ ቱቦው ከሙጫው ይልቅ ወንድሙን ይመርጣል። ያልተፈታ ጓጓላ ደግሞ ሙጫው ውስጥ እንደ ጠጠር ነው፤ ስንጥቅ የሚጀመርበትን ቦታ እኛው በእጃችን ሠርተን ሰጠነው ማለት ነው።

ሁለተኛው የገጹ ልስላሴ ነው። በማር እንጀራው ላይ ያለ ካርቦን ሁሉ ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ተሳስሮ ጠግቧል፤ ለእንግዳ የሚዘረጋው እጅ የለውም። እርሳስ ወረቀት ላይ የሚጽፈው የግራፋይት ንጣፎች አንዱ ከሌላው ላይ ስለሚንሸራተቱ አይደል? ያ መንሸራተት ለጸሐፊ በረከት፣ ለእኛ እርግማን ነው። ሙጫው ሸክሙን ወደ ቱቦው ሊያሻግር ሲል ይንሸራተትበታል። 63 ጊጋፓስካል የሚችለው ጀግና ምንም ሳይሸከም ሹልክ ብሎ ይወጣል። የጎረቤታችን ጭድ!

ስለዚህ እናቡካው። በጣም የታወቀው መንገድ አሲድ ነው፤ የጠነከረ ሰልፈሪክ አሲድ ሦስት እጅ፣ ናይትሪክ አሲድ አንድ እጅ። ቱቦዎቹን በዚህ ውስጥ አድርጎ በድምፅ ሞገድ ማንቀጥቀጥ ወይም ማፍላት። አሲዱ የሚገባው ደካማ ቦታ ፈልጎ ነው። የቱቦው ጫፍ የተጠማዘዘ ስለሆነ መጀመሪያ እዚያ ይበላል፤ ቀጥሎ በጎኑ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘኑ የተዛነፈበትን እየፈለገ ይነክሳል። በነከሰው ቦታ ሁሉ ካርቦክሲል የሚባል የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጉጥ ይበቅላል። ከዚያ አሲዱ በብዙ ውኃ ይታጠባል፤ ይህን የማጠብ ሥራ ለተማሪ የሚሰጡት አለቆች ሁሉ አንድ ቀን ራሳቸው ቢያጥቡት ደስ ይለኛል፣ ውኃው አሲድነቱን እስኪተው ቀናት ይወስዳል።

ካርቦክሲሉ ብቻውን ብዙ ይሠራል፤ ቱቦው ፈሳሽ ውስጥ ይበተናል፣ መጓጎሉ ይቀንሳል። አዋቂዎች ግን አንድ እርምጃ ይጨምራሉ። በካርቦክሲሉ ላይ ሁለት እጅ ያለው አሚን ያስይዛሉ፤ አንዱ እጅ ቱቦውን ይጨብጣል፣ ሌላው ነፃ ይቀራል። አሁን በሁለተኛው የሙጫ ቱቦ ምን እንደነበረ አስታውሱ። አሚን! ናኖቲዩቡ ማድረቂያውን ራሱን ለብሶ መጣ ማለት ነው። ሙጫው ሲደርቅ ባለ ሦስት ማዕዘኗ ቀለበት ትከፈትና የምትይዘው ከቱቦው ላይ የተዘረጋውን እጅ ይሆናል፤ ቱቦው የመረቡ አንድ ቋጠሮ ሆኖ ይቀራል። በጽሕፈት ቤት በር ላይ «ባለጉዳይ» ሆኖ ይቆም የነበረው አሁን የቤቱ ሰው ነው።

ሌላም መንገድ አለ። በሂዩስተን የራይስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፍሎሪን ጋዝ ተጠቅመው የቱቦውን ጎን አለበሱትና ፍሎሪኑን ኋላ በአሚን ተኩት። አንዳንዶች ደግሞ ቱቦውን ጨርሶ ሳይነክሱ፣ ጠፍጣፋ ቀለበት ያለው ሞለኪውል ገጹ ላይ ይለጥፋሉ፤ ግራፋይት በግራፋይት ላይ እንደሚተኛ ይተኛል፣ ጅራቱ ግን ሙጫውን ይወዳል። ይህኛው ገር መንገድ ነው፤ አያያዙም ያንኑ ያህል ገር ነው።

ስለ ገርነት ያነሣሁት በምክንያት ነው። እያንዳንዱ ንክሻ ቁስል ነው። ካርቦኑ ለእንግዳ እጅ ሲዘረጋ ከቀድሞ ጎረቤቶቹ ጋር የነበረው ጠፍጣፋ ትስስር ይፈርሳል፤ ቱቦው ይዳከማል፣ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉም ይቀንሳል። አሲድ ውስጥ የረሱት ቱቦ ተቆራርጦ አጭር ጉማጅ ይሆናል። አሁን ደግሞ ርዝመት ለምን እንደሚያሳሳ ላስረዳ፤ የነገሩ ሁሉ እምብርት እዚህ ጋ ነው።

ስንጥቅ ሙጫውን እየሰነጠቀ ሲመጣ መንገዱ ላይ የተጋደመ ቱቦ ያገኛል። ሙጫው ከግራና ከቀኝ ይከፈታል፤ ቱቦው ግን በገደል ላይ እንደተዘረጋ ገመድ ሁለቱን ዳር ይዞ ይቀራል። ስንጥቁ እንዲሰፋ ቱቦው ከአንዱ ዳር ተስቦ መውጣት አለበት፤ ሲወጣ ከሙጫው ጋር ይፋተጋል፣ ፍትጊያው ኃይል ይበላል። ቻይነት የሚባለው ይኸው የተበላ ኃይል ነው። የሚወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን የሚበላው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ለአጭር ጉማጅ የማዝነው ለዚህ ነው። አያያዙ ልል ከሆነ ቱቦው ያለ ድካም ይወጣል፣ ኃይል አልተበላም። ወደ ሌላው ጫፍ ሄደን እንደ ብየዳ ብናጣብቀውስ? ያን ጊዜ መውጣት ስለማይችል ስንጥቁ አፍ ላይ ቀጭ ብሎ ይበጠሳል፤ አሁንም ኃይል አልተበላም፣ ስንጥቁ ባለፈበት አልፏል። ባለ ብዙ ግድግዳው ቱቦ አንዳንድ ጊዜ የውጭ ግድግዳው ከሙጫው ጋር ተጣብቆ ይበጠስና የውስጡ ከውጭኛው ሹልክ ይላል፤ ጎራዴና አፎት እንደገና መጡ። ኬሚስቱ የሚፈልገው አጥብቆ የሚይዝ፣ ግን ሲጨነቅ እያፋተገ የሚለቅ ቱቦ ነው። ብዙ የምርምር ጽሑፍ «ትስስሩን አጠነከርን» ብሎ ሲፎክር ሳነብ፣ እሺ፣ ልኩስ? እላለሁ።

ልኩ ሲገኝ ውጤቱ ያስደስታል። በሃምቡርግ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ጎይኒ፣ ፊድለር፣ ሹልተና ባልደረቦቻቸው ለቀለም መፍጫ የሚያገለግል ባለ ሦስት ጥቅል ማሽን ወስደው ቱቦዎቹን በጥቅሎቹ ጠባብ ክፍተት እያሳለፉ ከሙጫው ጋር አዋሐዷቸው። ከሞከሯቸው ዓይነቶች የበለጠው አሚን የለበሰው ባለ ሁለት ግድግዳ ቱቦ ነበር፤ ከክብደቱ 0.5 በመቶ ብቻ ሲገባ ቻይነቱ 43 በመቶ ጨመረ፣ ግትርነቱም እንደ ጎማው አልወደቀም፣ ከፍ አለ። ግማሽ በመቶ ማለት በአንድ ኪሎ ሙጫ አምስት ግራም ነው።

ቁጥር ስታነቡ ግን አንድ ነገር ጠይቁ፤ መነሻው ስንጥቅ እንዴት ተሠራ? በደንቡ ናሙናው ላይ አዲስ ምላጭ አስቀምጦ ቀስ ብሎ በመምታት እውነተኛ፣ ስለታም ስንጥቅ ማስነሣት ያስፈልጋል። በመጋዝ የተከፈተ ደነዝ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ሙጫው ያልሆነውን ጀግና ይመስላል። በዚህ የተነሣ ብዙ የሚያምር ቁጥር ታትሟል።

ገበያውም ቢሆን ትዕግሥት አጥቶ ነበር። በ2005 የፈረንሳይ ዙሪያ ብስክሌት ውድድር ላይ ናኖቲዩብ በሙጫው የገባበት የቢኤምሲ ብስክሌት ታይቷል፤ የቤዝቦል ዱላም ተሠርቶበታል። የጀርመኑ ባየር ግን ትልቅ ፋብሪካ ከገነባ በኋላ በ2013 ከናኖቲዩብ ሥራ መውጣቱን አሳወቀ። አንዱ ችግር ፋብሪካ ውስጥ ለሠራ ሰው ግልጽ ነው። ናኖቲዩብ የገባበት ሙጫ ይወፍራል፤ ከመቶ አንድ እጅ ሳይሞላ ገንፎ ይሆናል። ይህን ገንፎ በካርቦን ጨርቅ ውስጥ ልስደደው ካላችሁ ጨርቁ እንደ ጠላ ማጥለያ ቱቦዎቹን ከደጅ ያስቀርና ንጹሑን ሙጫ ብቻ ያሳልፋል። በማሳቹሴትስ የኤምአይቲ ብራያን ዋርድልና ባልደረቦቹ ስለዚህ ማማሰሉን ትተው ቱቦዎቹን እንደ ደን ቀጥ አድርገው አሳድገው በሁለት ንጣፎች መካከል ተከሏቸው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳምነኝ ይህ ነው፣ የሚሻገር ክር ባልነበረበት ቦታ የሚሻገር ክር ስለሰጠ።

ለጤናም አንድ ቃል። በሙጫ የታሰረ ቱቦ አያስፈራኝም፤ ደረቁ ዱቄት ግን ያስፈራኛል። በ2008 የወጣ ጥናት ረጃጅምና ግትር ቱቦዎች በአይጥ ሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ እንደ አስቤስቶስ ያለ ጉዳት ማድረሳቸውን አሳይቷል፤ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም በ2013 ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ማይክሮግራም ነው። ናሙና የምትሞርዱ ተማሪዎች ካላችሁ በውኃ እያረጠባችሁ ሞርዱ፣ ጭንብሉንም አገጫችሁ ላይ አታውርዱት።

ላብራቶሪ ውስጥ የምወደው ሰዓት ናሙናው ከተሰበረ በኋላ ያለው ነው። የተሰበረውን ገጽ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥር ታስቀምጡታላችሁ። ቱቦዎቹ ረጅምና ንጹሕ ሆነው ቀጥ ብለው ከወጡ፣ አጠገባቸውም ባዶ ቀዳዳ ካለ፣ አልቦካም። ከገጹ ጋር እኩል ተቆርጠው ነጠብጣብ ብቻ ከሆኑ፣ ከመጠን በላይ ቦክቷል። ጥቂት ወጥተው፣ ወገባቸው ላይ የሙጫ ትርፍራፊ ተሸክመው ጎበጥ ብለው ካያችኋቸው ያን ቀን ወደ ቤት በጊዜ ትሄዳላችሁ። ባለፈው ክረምት እናቴ ቤት ከአሮጌው ግድግዳ አንድ ቁራጭ ምርጊት ወድቆ አገኘሁና አንሥቼ ለሁለት ሰበርኩት፤ ቀላል አልነበረም። ከስባሪው ዳር ጭዱ አጠር አጠር ብሎ ወጥቷል፤ በጥፍሬ ስጎትተው አፈሩን ይዞ ነው የመጣው።